ከማሽላው ሥር ያለችው ከተማ፦ የሐርላ መንደርና የባሕሩ መንገድ



እንደሚታወቀው በጅቡቲ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ኑሯችን ከሞላ ጎደል ከአንድ መንገድ ጋር የተሳሰረ ነው። ሾፌሩም፣ ትራንዚተሩም፣ ባለ ሱቁም፣ ለሾፌሮች እንጀራ የምታቀርበው እኅታችንም በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ የሚተዳደሩት ከዶራሌ ወደቦች ተነሥቶ ወደ አገር ቤት በሚገባው፣ ከአገር ቤትም ተጭኖ ወደ ባሕር በሚወርደው ዕቃ ነው። ስለዚህ መንገድ ስንጨዋወት አብዛኛውን ጊዜ የምንጀምረው ከምኒልክ ባቡር ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን የመጡት በእሱ ስለሆነ ትክክል ነው። መንገዱ ግን ከባቡሩ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን አንድ የገበሬ መንደር አለ። ስሙ ሐርላ ይባላል፤ ከድሬዳዋ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ወደ ሐረር ደጋ በሚወጣው ተራራማ አገር ይገኛል። በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔታችን ስለዚህ መንደር መጻፍ የተፈለገው፣ ከገበሬዎቹ እርሻ ሥር የተገኘችው ጥንታዊት ከተማ የእኛን ዓይነት ኑሮ የኖሩ ሰዎች ከተማ ሆና ስለተገኘች ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን ለአንባቢ እንገልጻለን።

መንደሩና ድንጋዮቹ

የሐርላ ነዋሪዎች በአብዛኛው ኦሮምኛ ተናጋሪ ገበሬዎች ናቸው። እንደ ሌላው የሐረርጌ ገበሬ ማሽላና በቆሎ ይዘራሉ፣ ጫት ይተክላሉ፣ ከብትና ፍየል ያረባሉ። ዳገታማ መሬት ያለ እርከን አፈሩን ስለማይዝ ገበሬው ድንጋይ ለቅሞ መደርደር ግዴታው ነው። በሐርላ ታዲያ ድንጋይ ከሩቅ ማምጣት አላስፈለገም። በእርሻው መካከል፣ በጓሮውና በመንገዱ ዳር ማን እንደጠረባቸው የማይታወቅ ድንጋዮች ነበሩ። ስለዚህ የጥንቱ ግንብ ድንጋይ ለቤት ግድግዳም፣ ለአጥርም፣ ለእርከንም ሆነ።

ከድንጋዩ ሌላ ማረሻው በየጊዜው ከአፈር የሚያወጣው ነገርም ነበረ። ገበሬዎቹ የሸክላ ስብርባሪ ያገኛሉ፤ አንዳንዴም የማያውቁት ጽሑፍ ያለበት ሳንቲም ያገኛሉ። ከሳንቲሞቹ ውስጥ የግብፅና የቻይና እንደነበሩባቸው የታወቀው ኋላ ነው። አንድ የማሽላ ገበሬ ከእርሻው የቻይና ሳንቲም ሲያነሣ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቀው ሰው በአቅራቢያው አልነበረውም። ይሁን እንጂ በመንደሩ ታላላቅ ሰዎች ዘንድ መልስ አልጠፋም ነበር።

የግዙፎቹ ሰዎች ወሬ

በምሥራቅ ኢትዮጵያ ፍርስራሽ ግንብ፣ የድሮ መቃብር ወይም የተቆለለ ድንጋይ በታየበት ቦታ ሁሉ «የሐርላ ነው» ይባላል። ከሐረር ደጋ እስከ ጨርጨር ድረስ፣ በሶማሌውም ሆነ በአፋሩ ቆላ ይህ ስም ይነሣል። እንደ አፈ ታሪኩ ሐርላዎች ግዙፍ ሰዎች ነበሩ። ለዚህም ማስረጃ ሆኖ የሚቀርበው ድንጋዩ ነው፤ በአንድ ሰው ጉልበት የማይነሣውን ድንጋይ ግዙፍ ሰው ካልሆነ ማን ያነሣዋል? እጅግ ሀብታሞች ነበሩ፤ ሀብታቸው ግን ኩራት ላይ ጣላቸው፤ በኩራታቸውም ምክንያት ከፈጣሪ ቁጣ ወርዶባቸው ጠፉ ይባላል።

ይህን ወሬ ተረት ነው ብሎ መናቅ አይገባም። በውስጡ ሁለት እውነቶች ተጠብቀዋል። አንደኛው በዚህ ቦታ በጣም ሀብታም ሕዝብ ይኖር እንደነበረ፣ ሁለተኛው ደግሞ ያ ሕዝብ ስፍራውን ጥሎ እንደሄደ ነው። የጠፋው የመሥራቾቹ ማንነት ነው። የሚያስታውሳቸው ሰው ባጣ ጊዜ ግዙፎች ሆኑ።

የሐርላ ስም በጽሑፍም አለ። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ውስጥ ከንጉሡ ጋር ከተዋጉት የምሥራቅ ሕዝቦች አንዱ ሆኖ ተጠቅሷል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐረብ ፋቂህ በጻፈው «ፉቱሕ አል-ሐበሻ» ደግሞ ሐርላዎች ከኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ሠራዊት ጋር ተሰልፈው እናገኛቸዋለን። እነዚህ ጸሐፊዎች ግን የሚነግሩን ስለ ጦርነት ነው፤ ሐርላዎች በምን ይተዳደሩ እንደነበረ አይነግሩንም። ወደ ዘመናችን ስንቀርብ ፈረንሳውያኑ አባ አዛይስና ሮዤ ሻምባር በ1920ዎቹ በሐረር አገርና በደቡብ ኢትዮጵያ ተዘዋውረው ስለ ፍርስራሾች ያጠኑትን በ1931 በመጽሐፍ አሳትመዋል። በ1970ዎቹም ሮዤ ዡሶም የተባሉት የቅርስ ተመራማሪ በጨርጨር ተራሮች የጥንት መቃብሮችን አጥንተዋል። እኚሁ ሰው ኋላ እዚህ ጅቡቲ ውስጥ በጎባድ ሜዳ፣ አሳ ኮማ በተባለው የጥንት ሰፈር ቁፋሮ አካሂደዋል።

ቁፋሮው ምን አወጣ?

በሐርላ መንደር ሰፊው ቁፋሮ የተጀመረው በ2015 ነው። የመሩት እንግሊዛዊው ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል ሲሆኑ፣ በኋላ ባስተማሩበት በኤክሰተር ዩኒቨርሲቲና በኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ትብብር፣ በአውሮፓ የምርምር ምክር ቤት የገንዘብ ድጋፍ ሥራው ለዓመታት ቀጥሏል። በሰኔ 2017 የመጀመሪያው ውጤት ለዓለም ሲነገር ብዙ ጋዜጦች «የጠፋችው ከተማ» እያሉ ጻፉ። ለመንደሩ ሰዎች ከተማዋ ጠፍታ አታውቅም፤ በየዓመቱ ያርሷታል።

ከተማዋ ወደ 900 ሜትር ርዝመትና 500 ሜትር ስፋት ባለው ቦታ ላይ የተዘረጋች ነበረች። ቁፋሮው በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ መስጊድ፣ የእስልምና ሥርዓት የተከተሉ መቃብሮችና ጽሑፍ የተቀረጸባቸው የመቃብር ድንጋዮች አውጥቷል። የመስጊዱ አሠራር በደቡብ ታንዛኒያና በሶማሌላንድ ከተገኙት የጥንት መስጊዶች ጋር ይመሳሰላል። ይህም የሐርላ ሙስሊሞች በባሕሩ ዳር ካሉት ወንድሞቻቸው ጋር ይገናኙ እንደነበረ ያሳያል። በኋላ የተደረገው የዕድሜ ምርመራ ደግሞ ሰዎች በቦታው ከ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ እስከ 15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ እንደኖሩ አመልክቷል። ይህ ወደ ዘጠኝ መቶ ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ ድሬዳዋ ከተማ ከተቆረቆረች ገና መቶ ሃያ ዓመት አልፏት ትንሽ ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የጌጣጌጥ ሥራ ቤቱ ነው። አንጥረኞቹ በብርና በነሐስ፣ በቀይ የጌጥ ድንጋይ፣ እንደ መስተዋት በጠራ ድንጋይና በብርጭቆ ዶቃ ረቂቅ ጌጦችን ይሠሩ ነበር። ከሚጠቀሙበት ጥበብ አንዳንዱ በዚያ ዘመን የሕንድ ጌጥ ሠሪዎች ጥበብ ተብሎ የሚታወቅ ነው። ስለዚህ ወይ ጥበቡ በንግድ መጥቷል፣ ወይም ባለ እጆቹ ራሳቸው ከሕንድ መጥተው በሐርላ ሰፍረዋል። በተጨማሪም ከማዳጋስካር፣ ከማልዲቭስ ደሴቶች፣ ከየመንና ከቻይና የመጣ ዛጎልና ሸክላ፣ እንዲሁም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ የተመቱ የነሐስና የብር ሳንቲሞች ተገኝተዋል።

በመቃብሩ ስፍራም ጥናት ተካሂዷል። የሰው ጥርስ በሕፃንነቱ ሲሠራ ከሚጠጣው ውኃና ከሚበላው ምግብ የዚያን አገር መሬት ምልክት ይይዛል፤ ሰውየው ሸምግሎ በሌላ አገር ቢሞት እንኳ ምልክቱ አይለቅም። ተመራማሪዎች በጥርሱ ውስጥ ያለውን ስትሮንቲየም የተባለ ንጥረ ነገር በመለካት የት እንዳደገ መገመት ይችላሉ። ይህ ምርመራ በሐርላ ሙታን ላይም ተደርጓል። ፕሮፌሰር ኢንሶል ከቁፋሮው ግኝቶች በመነሣት የከተማዋ ነዋሪዎች የአገሬው ሰዎችና ከውጭ የመጡ እንግዶች ተቀላቅለው የኖሩበት ማኅበረሰብ እንደነበሩ ገልጸዋል። አፈ ታሪኩ ግዙፎች ያላቸው ሰዎች እንግዲህ ነጋዴዎች፣ አንጥረኞችና ከባሕር ማዶ መጥተው በሰው አገር ጎጆ የቀለሱ ሰዎች ነበሩ።

በባሕሩና በደጋው መካከል

ከተማዋ ለምን በዚያ ቦታ ተሠራች? የምሥራቁን አገር አቀማመጥ ለሚያውቅ ሰው መልሱ ከባድ አይደለም። ከባሕሩ ዳር እስከ ተራራው ግርጌ ያለው አገር ሞቃትና ደረቅ ቆላ ስለሆነ የግመል አገር ነው። ከግርጌው በላይ ያለው ገደላማ ዳገት ደግሞ ለበቅሎና ለአህያ ይመቻል። በመሆኑም ከባሕር የመጣ ቅፍለት ዳገቱ ሥር ሲደርስ ጭነቱን ማራገፍ፣ መቀየርና መሸጥ ነበረበት። ከደጋ የወረደውም እንዲሁ። ጭነት በሚቀየርበት ቦታ ገበያ ይቆማል፣ ቀረጥ ይሰበሰባል፣ ማደሪያና ምግብ ቤት ይከፈታል፣ ባለ እጅም ይሰበሰባል። ዶራሌ ላይ ዕቃ ከመርከብ ወደ ባቡርና ወደ ተሳቢ መኪና ሲዛወር የምናየው ይኸው አሠራር ነው፤ ልዩነቱ የመሣሪያው ነው።

የዚያ ዘመን ዋና ወደብ ዘይላ ነበረች፤ ከጅቡቲ ከተማ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከሎያዳ ድንበር አለፍ ብላ ዛሬም አለች። ታዋቂው መንገደኛ ኢብን ባጡታ በ1330 ገደማ ዘይላ ሲደርስ ትልቅ ገበያ ያላት ከተማ ሆና አግኝቷታል። ይሁን እንጂ የዓሣውና በየመንገዱ የሚታረደው ግመል ሽታ ስላስመረረው፣ ባሕሩ ቢናወጥም በመርከቡ ላይ ማደርን መርጧል። በዚያን ጊዜ ሐርላ በሥራ ላይ ነበረች። ኢብን ባጡታ በአፍንጫው ምክንያት ካልቆየባት ወደብ፣ ወደ ውስጥ የገባ ነጋዴ የጌጥ ከተማ ያገኝ ነበር።

መንገድ ሲዞር

በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሐርላ ባዶ ቀረች። በሐረር ከተማ ውስጥ ኢንሶልና ባልደረቦቻቸው ባደረጉት ቁፋሮ የከተማዋ ቀደምት ማስረጃ የተገኘው ደግሞ ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው። አንዷ ስትወድቅ ሌላዋ ተነሣች ማለት ነው። በ1520 ሐረር የአዳል ሱልጣኔት መቀመጫ ሆነች፤ በዚያው መቶ ዓመት አሚር ኑር የጀጎልን ግንብ አሠሩላት፤ በ2006 ደግሞ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገባት። የሐረር ስም ሲደምቅ የሐርላ ስም ወደ ተረት ገባ።

ይህ የመንገድ ጠባይ ከዚያ በኋላም ተደጋግሟል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግመል የሚያበቃበትና በቅሎ የሚጀምርበት ከተማ ጀልዴሳ ነበረች፤ ከዘይላ ወደ ሐረር የሚወጣ ነጋዴ ሁሉ በእሷ ያልፍ ነበር። ፈረንሳዮች ከ1888 ጀምሮ ጅቡቲን ቆርቁረው ከኦቦክ ሲዛወሩ፣ ዐፄ ምኒልክም በ1894 ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መሥሪያ ፈቃድ ሲሰጡ የጀልዴሳና የዘይላ ዕድል ተወሰነ። በ1897 የተጀመረው ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልቻለ በ1902 መጨረሻ ከተራራው ግርጌ ቆመ። በቆመበትም ድሬዳዋ ተወለደች። ባቡሩ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ መስመሩ 784 ኪሎ ሜትር ሆኖ ነበር።

ድሬዳዋ የተወለደችው እንግዲህ በጥንቷ ሐርላ ጎረቤት ነው። አመሠራረቷም የሐርላን ይመስላል። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱ፣ የመኑና ፈረንሳዩ ከኦሮሞው፣ ከሶማሌው፣ ከአማራው፣ ከሐረሪውና ከጉራጌው ጋር ተቀላቅሎ ከዚራንና መጋላን ሞላ። ይህን ታሪክ የሚያውቁ ብዙ የማኅበራችን አባላት አሉ፤ የድሬዳዋ ልጆች ናቸውና።

ዛሬ ደግሞ መንገዱ እንደገና ዞሯል። አሮጌው ባቡር አገልግሎቱን አቋርጦ፣ በጥቅምት 2016 በኢትዮጵያ፣ በጥር 2017 በጅቡቲ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ። በዶራሌ የኮንቴይነሩ ወደብ በ2009፣ ሁለገቡ ወደብ ደግሞ በ2017 ተመርቀዋል። ሆልሆል፣ አሊ ሳቢዬ፣ ደወሌ፣ አይሻ፣ አዲጋላ እየተባለ ፌርማታው በቃል የሚቆጠርበት ዘመን በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ አለፈ። እናቶቻችን ለመንገደኛ ሻይና ሳምቡሳ የሸጡባቸው ጣቢያዎች ከወዲሁ ፍርስራሽ ወደ መሆን ተጠግተዋል።

ሐርላ የማን ነው?

ሐርላ ከታወቀ ወዲህ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሐርላዎች የማን አባቶች ናቸው? በሐረሪው፣ በሶማሌውና በአፋሩ ዘንድ ዘራቸውን ከሐርላ የሚቆጥሩ ወይም ስሙን የሚጠሩ ጎሣዎችና ቤተሰቦች አሉ። በቦታው የሚኖረውና መሬቱን የሚያርሰው ደግሞ የኦሮሞ ገበሬ ነው። በአገራችን የታሪክ ክርክር ወደ ጠብ በሚያመራበት በዚህ ዘመን ጥያቄው ቀላል አይደለም።

ከመሬት የወጣው ማስረጃ ግን ለአንድ ወገን ብቻ የሚፈርድ አይመስልም። ከቻይና ሸክላ፣ ከግብፅ ሳንቲም፣ ከሕንድ ጥበብና ከአገሬው እጅ የተሠራችን ከተማ የአንድ ጎሣ ብቻ ማድረግ ከተማዋን እንደገና መቅበር ይሆናል። ሁሉም ወገን ከእሷ ድርሻ ቢኖረው የሚያስደንቅ አይደለም፤ የንግድ ከተማ ልጆች በየአቅጣጫው ይበተናሉና።

ይልቅ አስቸኳይ የሆነው ጥያቄ ማን ይጠብቃት የሚለው ነው። በዚህ ጥያቄ ከሁሉ በፊት ሊሰማ የሚገባው ገበሬው ነው። የሐረርጌ ገበሬ ማሳ ጠባብ ነው፤ ልጆቹ ሲበዙ ደግሞ ይበልጥ ይጠባል። ለተመራማሪው አንድ ጉድጓድ የዕውቀት በር ነው፤ ለባለ መሬቱ ግን ከማሳው የተነሣ የአንድ ወቅት እህል ነው። ቤት ለመሥራት የተጠረበ ድንጋይ በደጁ ያለውን ሰው «አትንካ» ማለት ቀላል ነው፤ ምትክ ድንጋይ የሚያመጣለት ግን የለም። ቅርሱ ለገበሬው ዕዳ ብቻ ሆኖ ከቀረ፣ ሳንቲሙን ለመንገደኛ ቢሸጥ፣ ድንጋዩንም ለእርከን ቢጠቀምበት ማን ይፈርድበታል?

በሐርላ በዚህ ረገድ መልካም ጅምር ታይቷል። ተመራማሪዎቹ ከመንደሩ ሰዎች ጋር ሆነው፣ ነዋሪው ራሱ የሚያስተዳድረው የቅርስ ማሳያ ቤት እንዲቋቋም ረድተዋል። ከግኝቶቹ የተወሰኑት በዚያው ለእይታ ቀርበዋል፤ ዓላማውም ጎብኚ ሲመጣ መንደሩ ገቢ እንዲያገኝ ነው። ሌሎቹ ግኝቶች አዲስ አበባ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም እንዲታዩ ታስቦ ነበር። ማሳያ ቤቱ ትንሽ ቢሆንም ትርጉሙ ትልቅ ነው። ለዘመናት የግዙፎች እየተባለ ሲፈራ የነበረውን ነገር የገበሬው ልጅ ለእንግዳ አስረድቶ የሚያሳየው ሆኗል።

ለእኛስ ምን ይነግረናል?

ውድ አንባቢያን፣ ከሐርላ ታሪክ ለእኛ የሚሆን አንድ ነገር እንውሰድ። ዘጠኝ መቶ ዓመት የቆየች ከተማ ነዋሪዎች መስጊድ ሠርተዋል፣ ጌጥ ሠርተዋል፣ ሙታናቸውን በክብር ቀብረዋል። ከጥቂት የመቃብር ድንጋዮች በቀር ግን ማን እንደነበሩ የሚናገር ነገር አላቆዩልንም። ስለዚህ ዛሬ ስለ እነሱ የምናውቀው ከዶቃቸውና ከጥርሳቸው ነው። ሰው ሲያነሣቸው ደግሞ እንደ ግዙፍ ፍጡር እንጂ እንደ ልጅ አሳዳጊ፣ እንደ ዕቁብተኛ፣ እንደ ጎረቤት አያስባቸውም።

እኛም በመንገድ ላይ የሰፈርን ሕዝብ ነን። መንገድ ይዞራል፤ ወደብም ወደብን ይተካል። እንዳይጠፋ ማድረግ የምንችለው ማን እንደነበርንና እንዴት እንደኖርን ነው። የማኅበራችን የአባልነት መዝገብ፣ የዕድር ደብተራችን፣ የአሮጌው ባቡር ሠራተኞች ፎቶግራፍና ደብዳቤ፣ በዚህ አገር አርፈው የተቀበሩ ወገኖቻችን ስምና የሞቱበት ቀን ዛሬ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ አለ። ባለቤቶቹ በሕይወት እያሉ ተሰብስቦ፣ ተጽፎና ተባዝቶ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እንዲቀመጥ ቢደረግ፣ ይህ ኢዮቤልዩ ከድግሱ ሌላ ለልጆቻችን የሚተርፍ ሥራ ይኖረዋል።

ወደ አገር ቤት በድሬዳዋ በኩል የምትሄዱም ጊዜ ካላችሁ፣ ወደ ሐረር ከመውጣታችሁ በፊት ሐርላ ጎራ በሉ። ማሳያ ቤቱን ጎብኙ፤ ለመንደሩም ድርሻችሁን አበርክቱ። ልጆቻችሁን ከያዛችሁ ደግሞ ንገሯቸው፤ ይህን ድንጋይ ያነሡት ግዙፎች ሳይሆኑ በኅብረት የሠሩ እንደ እኛ ያሉ ሰዎች ናቸው።

መልካም የኢዮቤልዩ በዓል ይሁንልን።